ሦስተኛውን ፍላጅል ከመዋጥ በፊት

ከባሕር ዳር ወይም ከአርባ ምንጭ የተመለሰ ሰው፣ ወይም ለበዓል ከውጭ መጥቶ ፒያሳ ያረፈ እንግዳ፣ ሆዱ ተበላሽቶ ይሰነብትና ተቅማጡ በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ሆዱ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ከምሳ በኋላ ይነፋል፣ ይጮኻል፤ ጠዋት ሁለት ሦስቴ ያስሮጣል። ክሊኒክ ሲኬድ የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል፣ «አሜባ አለ» ይባላል፣ ፍላጅል ይሰጣል። በወሩ ያው ምርመራ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ኪኒን። አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሆዱ ግን እንዳለ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ይጀምራል። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኢንታሚባ ዲስፓር ሲስታቸው (በቅርፊት የተሸፈነው መልካቸው) በማይክሮስኮፕ አይለይም። ስለዚህ «ሲስት ታይቷል» ማለት የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። የሚለየው የተሕዋሲውን ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የአንቲጅን ምርመራ ነው፤ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ተንቀሳቃሽ አሜባ ከታየም ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሂስቶሊቲካ ከሆነ ደግሞ ፍላጅል ብቻውን አይበቃም፤ አንጀት ውስጥ የቀረውን ሲስት የሚያጠፋ እንደ ፓሮሞማይሲን ያለ ሁለተኛ መድኃኒት ይከተላል።

ጃርዲያ የሚባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ የተገላቢጦሽ ነው፤ እያለ ያመልጣል። በየቀኑ በሰገራ ስለማይወጣ አንድ ናሙና ንጹሕ መሆኑ አያስተማምንም፤ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ይሰጣል። ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከቤት በብልቃጥ ይዞ አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ናሙናውን እዚያው ላቦራቶሪው መስጠት ይሻላል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ የሚንሳፈፍ ቅባታማ ሰገራና ክብደት መቀነስ ጃርዲያን ያስጠረጥራሉ። ለአዋቂ የተለመደው ሕክምና ቲኒዳዞል 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 4 ፍሬ፣ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ለ3 ቀን ጠጅም ቢራም የለም። ታክሞ የተመለሰበት ሰው ውሃውን ይመርምር። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፣ ጃርዲያ ግን በቀላሉ አይሞትለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ታይፎይድን ለመለየት የሚደረገው የቪዳል የደም ምርመራ እዚህ ቦታ የለውም። የቆየ ፀረ እንግዳ አካልም «ታይፎይድ» ሊያሰኝ ይችላል፣ ከዚያ የሚታዘዘው ሲፕሮ የተባለ አንቲባዮቲክ የተናጋውን አንጀት የባሰ ያናጋዋል።

ምርመራው በደንብ ተሠርቶ ምንም ካልተገኘስ? ተሕዋሲው ሄዷል፣ አንጀቱ ግን አላገገመም። የሆድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት የቆየ የአንጀት መታወክ ይተርፈዋል። የአንጀት ነርቮች ተቆጥተው ይቀራሉ፣ ትንሽ ጋዝ እንደ ብዙ ይሰማል፣ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ተቀይረዋል። ሕመሙ የሐሰት አይደለም፤ ፍላጅል ግን የሚገድለው ነገር የለም።

መጀመሪያ የሚሞከረው ወተት ነው። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ ኢንፌክሽን በቀላሉ በሚያራግፈው ጫፍ ላይ ነው። ማኪያቶና ወተት ለ2 ሳምንት ይቁም። ንጥር ቅቤ የወተት ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፣ እርጎም ከወተት ይቀላል።

ቀጥሎ ወጡ። ጾም ላይ ያለ ሰው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ባቄላ በሽንኩርት ቁሌት ላይ ይደራርባል፤ ሁሉም ጋዝ የሚያበዙ ናቸው። ጥፋቱን እንጀራው ላይ ከመጫን በፊት ለ4 ሳምንት ያህል ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ በፍስክም እንቁላልና ሥጋ ይሞከር። የነጭ ሽንኩርት ጣዕም ለሚናፍቅ፦ ፍሬውን በዘይት ጠብሶ ማውጣት። ሆድ የሚነፋው ስኳር በዘይት አይሟሟም፣ ጣዕሙ ግን ይቀራል። (ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ለዚህ ሆድ መድኃኒት ነው የሚለውን ምክር እኔ አልደግፍም።) ተልባ ግን ይረዳል፤ በሻይ ማንኪያ ጀምሮ በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። መንገድ ለሚሄድ ሰው ተቅማጡን ሎፐራማይድ 2 ሚሊግራም ይይዘዋል፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ግን አይዋጥም።

ሰገራ ላይ ደም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ያልታሰበ መክሳት፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ወይም ሕመሙ የጀመረው ከ45 ዓመት በኋላ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቅርና የአንጀት ሐኪም ይታይ።

ሆድ ሲረጋ ምግቦቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ አንዱ በትንሹ ተጀምሮ 3 ቀን እየታየ። ምስር ከሽሮ ይቀድም፤ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ይበልጥ ይቀላል። ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ነው።