24 ክፍል አኒሜሽን በአንድ ዲቪዲ

ሥራውን የጀመርኩት በሂሳብ ነው። ያሉኝ 24 ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 24 ደቂቃ። ዲስኩ ተራው 4.7 ጊጋባይት ነው። ኮምፒውተር ላይ 4.38 ገደማ ብሎ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ አንዱ በ1,000 ሌላው በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም። 4.7 ቢሊዮን ባይትን በ8 አባዝቼ ለ34,560 ሰከንድ ሳካፍለው በሰከንድ 1,088 ኪሎቢት ገደማ ደረሰኝ። ለድምፅ 96 ኪሎቢት፣ ለትርጉም ጽሑፍና ለመጠባበቂያ ትንሽ ሳነሳለት ለምስሉ 950 ያህል ቀረ።

በተለመደው የዲቪዲ ፎርማት ይህ አይታሰብም። እዚያ ምስሉ የሚታመቀው ኤምፔግ-2 በሚባለው የቆየ ዘዴ ነው፤ በሰከንድ እስከ 9,800 ኪሎቢት ይፈቀድለታል፣ በ950 ግን ምስሉ ወደ ሳጥን ሳጥን ይበታተናል። ስለዚህ ዲስኩን እንደ ዳታ ዲስክ ወስጄ ፋይሎቹን ኤች 264 በሚባለው፣ በትንሽ ቢት የተሻለ ምስል በሚሰጠው የማመቂያ ዘዴ ሠራኋቸው። ከዚያ በፊት ግን ማጫወቻው ምን እንደሚያነብ ማጣራት ግድ ነው። ባለ 10 ቢት ቪዲዮ (የቀለም ደረጃዎቹ ከ8 ቢት የበዙ) ለአኒሜሽን በጣም ይመቻል፤ ነገር ግን ብዙ ማጫወቻዎች 10 ቢት ኤች 264 አይከፍቱም። እኔም በ8 ቢት ቀረሁ።

አኒሜሽን ለኢንኮደር፣ ማለትም ቪዲዮውን ለሚያምቀው ፕሮግራም፣ ደግ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይቆያል፤ ከበስተጀርባ ያለው ሥዕል ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ያልተለወጠ ነገር ቢት አይበላም። ኤክስ264 በሚባለው የኤች 264 ኢንኮደር ላይ ለአኒሜሽን የተዘጋጀው ማስተካከያ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ የቢ-ፍሬሞችን (ከፊትና ከኋላ ካሉ ፍሬሞች የሚገመቱትን) እና የማመሳከሪያ ፍሬሞችን (ለግምቱ መነሻ የሚሆኑትን) ቁጥር ይጨምራል። ኢንኮዲንጉ ይዘገያል፣ ይዘግይ።

ትልቁን ቁጠባ ያገኘሁት ግን ምንጩን በማጽዳት ነው። የእኔ ምንጭ በሰከንድ 30 ፍሬም ይላል፤ ሥራው የተሠራው ግን በ24 ነው። ለቴሌቪዥን ተብሎ የተደጋገመ ምስል በመሃል ገብቶበታል። ያንን አውጥቶ ወደ 24 መመለስ ቢት ይቆጥባል፤ እንቅስቃሴ ላይ የሚታየውን የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመርም ያጠፋል።

የፊልም ቅንጣት፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚታየው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ፣ ሌላ ጣጣ ነው። በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ኢንኮደሩ ቀድሞ ሊገምተው አይችልም፣ ቢቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ማጥሪያ ተጠቀምኩ፣ ግን በጣም ቀላሉን። ጠንከር ሲል የበስተጀርባውን የብሩሽ ምልክት አብሮ ይጠርገዋል። ሰው ተቀምጦ በእጁ የቀባውን ሰማይ ፕላስቲክ ማስመሰል አልፈልግም።

ጨለማ ትዕይንቶችን ለብቻ አየኋቸው። ቀለም ቀስ እያለ በሚደበዝዝበት ቦታ ምስሉ ተቆራርጦ ይታይ ነበር። የአኒሜሽኑ ማስተካከያ፣ ቢቱን ለምስሉ የተለያዩ ቦታዎች የሚያከፋፍለውን ኤኪው የሚባለውን ዘዴ ጥንካሬ ወደ 0.6 ያወርደዋል፤ እኔ ወደ 0.9 መለስኩት። ጠፍጣፋ ቦታዎች ተጨማሪ ቢት አገኙ፣ ሰማዩም ተስተካከለ።

ለሁሉም ክፍል እኩል ቢትሬት (በሰከንድ የሚመደብ ቢት) አልሰጠሁም። ወሬ የበዛበት ክፍልና ውጊያ የሞላበት ክፍል እኩል ቦታ አያስፈልጋቸውም። ሲአርኤፍ የሚባለው ዘዴ ጥራቱን እኩል አድርጎ መጠኑን ይለቀዋል። ለሲአርኤፍ የሚሰጠው ቁጥር በ6 ሲጨምር ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ አንድ ብቻ ሲጨምር አሥር ከመቶ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቀንሳል። የረጋ፣ መካከለኛና በጣም የሚሯሯጥ ክፍል መርጬ ሞከርኩ፤ ከዚያ ጠቅላላ ድምሩ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ቁጥሩን በነጥብ አምስት እያልኩ አስተካከልኩት።

ሪዞሉሽን (የምስሉን የነጥቦች ብዛት) ግን አልነካሁም። ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑ የገጸ ባህሪው መስመር ነው፣ አኒሜሽን ደግሞ ያለ መስመሩ ምንም ነው። የፊልም ቅንጣቱ በጣም የበዛ ተከታታይ ቢመጣ በማጥሪያ ከማጥበው ለሁለት ዲስክ እከፍለዋለሁ።