የቡና መፍጫው
ዛሬ ጠዋት ቡና ልፈጭ ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ በዚህ ስንዴ ይፈጫል?»

ለካስ ማታ አሜሪካዊቷ ደራሲ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር ስለ ልጅነቷ የጻፈችውን መጽሐፍ ስታነብ አምሽታለች። እ.ኤ.አ. በ1880 እና 81 መካከል በረዶው ባቡሩን አግዶ፣ በአሜሪካ፣ በዳኮታዋ ዴ ስሜት ከተማ ዱቄት አለቀ። የላውራ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቀ በእጅ በሚዞር የቡና መፍጫ ስንዴ ይፈጭ ነበር፤ ማገዶውም እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ድርቆሽ ነው። ላውራ በዚያ በረዶ መካከል 14 ዓመት ሞላት፤ መጽሐፉ የታተመው በ1940 ነው። ወደ ስልሳ ዓመት ሲያልፍ እንኳ መፍጫውን አልረሳችውም! እኔ ስለዚያ ዘመን ከሸመደድኩት ዓመተ ምሕረት ግን አንድም አልቀረኝ። (መሬቱ ከነባር የአሜሪካ ሕዝቦች እንደተወሰደ መጽሐፉ እምብዛም አይጨነቅበትም፤ እሱን እኔ ጨመርኩላት።)

ቡናው ዘግይቶ ተፈላ። መጀመሪያ ለቆሎ ካስቀመጥነው ስንዴ አንድ እፍኝ ፈጨን።