ስማቸው ትኬቱ ላይ የለም

ሮም ውስጥ ቱሪስት ይዞ የሚዞር ሁሉ አስጎብኚ አይደለም። አስጎብኚ ፈቃድ ያለው ነው። ኮሎሲየም ውስጥ ቆሞ ስለ ቄሳሮቹና ስለ አንበሶቹ የሚያወራው እሱ ነው። የእኔን ሥራ ጣሊያኖች «አኮምፓኛቶሬ» ይሉታል፤ አጃቢ እንበለው። ትኬት፣ ባቡር፣ አልጋ፣ ምሳ፣ የጠፋ መነጽር። ሁሉ ነገር ከተሳካ ማንም አያስታውሰኝም።

መስከረም ላይ ስምንት ሐበሾች ከዋሽንግተን አካባቢ መጡ። እህትማማቾች፣ ባሎቻቸው፣ አንድ ጎረምሳ፣ እና የሁሉም አክስት የሆኑ የ72 ዓመት እናት። ሦስት ቀን ሮም፣ ሁለት ቀን ፍሎረንስ፣ ሦስት ቀን የባሕር ዳርቻ። ስምንት ሰው ምርጥ ቁጥር ነው። አንድ ሚኒባስ ይበቃዋል። ምግብ ቤት ሁለት ጠረጴዛ ገጥሞ ያስተናግደዋል። ሰው ሲጎድል ሳይቆጠር ይታወቃል።

የኮሎሲየም ትኬት ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በስም ነው። በፊት ነጋዴው በጅምላ እየገዛ አትርፎ ይሸጠው ነበር፤ ያንን ለመከላከል ነው። በር ላይ መታወቂያ ያያሉ። ሽያጩ የሚከፈተው ጉብኝቱ 30 ቀን ሲቀረው ነው፣ ጥሩ ጥሩው ሰዓት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እኔም የስም ዝርዝሩን ከአንዷ የእህት ልጅ በዋትሳፕ ተቀበልኩ። ሽያጩ በተከፈተ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ስምንቱንም ጻፍኩ፣ ከፈልኩ፣ ተኛሁ።

ፈረንጅ ቢሳሳት ይገባኛል። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ የፓስፖርት ስም አለው። ቤተሰቡ እኚህን እናት ዕድሜ ልኩን የጠራቸው በቤት ስማቸው ነው። የእህት ልጅም የላከችልኝ እሱኑ ነው፣ ከአባታቸው ስም ጋር። ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ሌላ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ አሜሪካኖቹ የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገውታል። አንድም ፊደል አይገጥምም።

ጥበቃው ፓስፖርቱን አየ። ትኬቱን አየ። እንደገና ፓስፖርቱን አየ። «ኖ» አለ።

ለመንኩት። አንድ ሰው ናቸው፣ በእኛ ባህል እንዲህ ነው ብዬ አስረዳሁት። እሱ ምን ያድርግ፣ ለባህላችን የሚሆን ቁልፍ ማሽኑ ላይ የለም። የዕለቱ ትኬት አልቋል። አለቃዬ በስልክ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። የእህት ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«ልጄ፣ እነሱ ይግቡ» አሉኝ እናትየው። «ድንጋይ ነው፣ የትም አይሸሽም።»

ሰባቱ ከአስጎብኚው ጋር ገቡ። እኔና እሳቸው ፀሐይ ላይ ቀረን። ካፌ ልውሰዳቸው ብዬ አሰብኩና ሐሳቤን ለወጥኩ። በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ፣ በዛፎቹ ጥላ፣ ቀስ እያልን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወረድን። ሩቅ አይደለም፣ በእሳቸው እርምጃ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መኪናው ይጮሃል። ማዶ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፣ የተጀመረው ግን ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነበር።

«እዚህ ነበር የቆመው» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«የአክሱም ሐውልት።»

ዝም አሉ። በ1937 ወስደው እዚህ ተከሉት። በ2003 ነቀሉት፣ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 እንደገና ቆመ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። አሁን በአካባቢው ያለው ሁለት አነስተኛ ጥንታዊ ዓምድ ነው፣ ለሴፕቴምበር 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት መታሰቢያ። እናትየው አውሮፕላኑ ሲያርፍ በቴሌቪዥን አይተው እልል ማለታቸውን ነገሩኝ፤ ጎረቤታቸው ደንግጣ በራቸውን አንኳክታ ነበር። አደባባዩን ዙሪያውን አዩት። «ባዶ ሆኖ እንዲህ ደስ የሚል ቦታ አይቼ አላውቅም» አሉ።

ሰባቱ ሲወጡ የት እንደነበርን ሰሙና ተነሡብኝ። እኛስ? ለምን ፕሮግራሙ ላይ የለም? መልስ አልነበረኝም። ፕሮግራሙ ለስዊድኖችም ለኮሪያውያንም የምሰጠው ያው ወረቀት ነው። ማታውኑ ሁላችንም ወደ አደባባዩ ተመልሰን ሄድን።

ከዚያ በኋላ እራት ላይ ወረቀት አወጣሁና አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከመምጣታቸው በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ማለቴ ነው። የማን ጉልበት ያመዋል? ጀልባ ላይ ራሱን የሚያዞረው ማን ነው? ዓርብ የሚጾመው ማን ነው? ሦስት ጉልበት፣ ሁለት ጀልባ፣ አምስት ጾመኛ።

የባሕሩ ዕቅድ በዚያው ምሽት ፈረሰ። ቺንኩዌ ቴሬ አምስት መንደር ናት፤ ወረቀቴ አምስቱንም በአንድ ቀን ያስሮጣቸው ነበር። ኮርኒሊያ የምትባለው ገደል ላይ ናት። ወደብ ስለሌላት ጀልባ አይቆምባትም፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ ከ370 በላይ ደረጃ አለ። በሦስት የታመመ ጉልበት! ሁለት መንደር ብቻ መረጥኩ፣ በባቡር። ቬርናሳ፣ መንገዷ ቀጥ ብሎ ወደቡ ላይ ስለሚወርድ። ሞንቴሮሶ፣ ሰፊው አሸዋ እሷ ጋ ስላለ። ጎረምሳው ዋኘ። እናትየው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ማንም «ሌሎቹ ሦስቱስ?» አላለኝም።

ዓርብ መንደሮቹ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ላ ስፔሲያ ነበርን። የዚያ አገር ሰው በፔስቶ፣ ከበሶብላ በሚሠራው የፓስታ ስጎ፣ ይኮራል፤ አረንጓዴ ስለሆነ ጾም ይመስላል እንጂ አይብ አለበት። ስለዚህ ፋሪናታ ወሰድኳቸው። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፣ በሰፊ ትሪ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ። እናትየው አንድ ቀመሱና «ይሄማ ሽሮ ነው፣ ውሃ አንሶት» አሉ። ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ ወጣ። የምግብ ቤቱ ባለቤትም መጥቶ ቀመሰ፣ ብዙ አሳለው።

አሁን ለእያንዳንዱ ተጓዥ የምልከው ቅጽ መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው፦ ስም፣ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ከፎቶ ጋር። ሁለተኛው፦ ቤት ውስጥ ማን ብለው ይጠሩዎታል? አንደኛው ለጥበቃው ነው። ሁለተኛውን ባቡር ሊሄድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረውና አንድ ሰው ሽንት ቤት ሲጠፋብኝ እጮኸዋለሁ።