ደሴ የተደበደበችበትን ቀን ለማስታወስ ተነስተን ቀኑን ራሱን ሳትነው

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ቤቶች ነደዱ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እኔ ግን ደሴ ተወልጄ አድጌ የማውቀው፣ ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የሚታዩበትን ፎቶ ብቻ ነበር። ስለሞተው ሕዝብ የነገረኝ የለም። አራት ጓደኛሞች የመታሰቢያ ቀን እናዘጋጅ ብለን የተነሳነው በዚህ ቁጭት ነው።

ገንዘቡን ከሰፈር አዋጣን። ድንኳን እድሩ ሰጠን። ቄሱም ሼሁም ገና ሳንጨርስ እሺ አሉን።

ጉዱ የመጣው በቀኑ ነው። ድብደባው የደረሰበትን የፈረንጆቹን ዲሴምበር 6 ስልኬ ላይ ስቀይረው ኅዳር 27 አለኝ። አመንኩት። ደብዳቤው፣ ባነሩ፣ በራሪ ወረቀቱ ሁሉ 27 ተብሎ ወጣ። ፈቃዱም ከሁለት ሳምንት ደጅ ጥናት በኋላ ተፈረመ።

ከዚያ አንዲት እናት ልጋብዝ ቤታቸው ሄድኩ። ወረቀቱን የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው።

«አይ ልጄ፣ እናቴ የመድኃኔዓለም ዋዜማ ነው ትል ነበር። ለዝክሩ የጠመቀችው ጠላ ከነጋኑ ቀረ።»

መድኃኔዓለም በ27 ነው። ዋዜማው 26! ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩት። 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች፤ ስለዚህ በ1928 ዲሴምበር 6 የዋለው ኅዳር 26 ነው። እኔ የቀየርኩት በዘንድሮ አቆጣጠር ነበር።

በነጋታው ቢሮ ሄድኩ። «ፈቃድ የተሰጣችሁ ለ27 ነው፤ ለ26 ከሆነ እንደ አዲስ አመልክቱ» አለኝ ሰውየው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። አንድ ቁጥር ለማስተካከል ሦስት ቀን «ነገ ተመለሱ» ተባልን። የተፈረመልን በዝግጅቱ ዋዜማ አመሻሽ ላይ ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

«መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ» ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ አዛውንቶች ቤት ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ጠይቁ። ደብዳቤው ከዚያ ይደርሳል። ቀን ስትቀይሩም የዚያን ዓመት ጳጉሜን እዩ።

በ26 ዝግጅቱ ተካሄደ። ሻማ በራ፣ ዱዓ ተደረገ። ሰው ግን ካሰብነው ግማሹ ነው የመጣው፤ ወረቀቱን አስቀድመን በትነነዋልና።

በ27 ጠዋት ድንኳን ለማፍረስ ስንሄድ አንድ አባት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ደርሰዋል። ወረቀታችንን በእጃቸው ይዘዋል። «ቀደምኩ እንዴ?» አሉኝ። ወንበር አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የተረፈውን ሻማ ለኮስንላቸው።