አሥራ ሦስተኛዋ ዕጣ

ቀዩ እርሳስ አልቋል። ከሁሉም ፓኮ። ሰማያዊው እንዳለ ነው፤ ቢጫውም ብዙ አልተነካም። ቀዩ ግን ጥፍር አክሏል። አንዷን ጉማጅ ይዣት መጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ።

ኅዳር ነው። የጅማን ገጠር በኅዳር የሚያውቅ ሰው ቀዩ ለምን እንዳለቀ አይጠይቀኝም። ቡናው ቀልቷል። እርሳሱን የወሰድንላቸው የገጠር ተማሪዎች ቤት፣ ላም፣ ባንዲራ ይሥላሉ ብዬ ነበር። ሣሉም። ግን ሁሉም ከቤቱ ጎን የቡና ዛፍ አቆመ፤ ዛፉን ደግሞ ከላይ እስከ ታች በቀይ ነጠብጣብ ሞላው። "ዲማ! ዲማ!"፣ ቀይ! ቀይ!፣ እያሉ ይለምኑኛል። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ስለ ሥዕል ለማውራት አይበቃም። ለዲማ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ነገሩ የተጀመረው በዕቁባችን ነው። 12 ሰዎች ነን፤ በየሳምንቱ 500 ብር እንጥላለን። መስከረም ላይ አዲስ ዙር ስንጀምር "አንድ ዕጣ እንጨምር" አልኩ። 13ኛዋ ዕጣ የማንም አትሆንም፤ የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ትሆናለች። ሁላችንም አንድ ሳምንት አስበልጠን እንከፍላለን፤ ዕጣዋ ስትወጣ 6,000 ብሩ ለቀለምና ለወረቀት ይሆናል።

ሐሳቡን የሰጠኝ ሳያውቀው አንድ አብሮ አደጌ ነው። በሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያስተምራል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የእይታና የክወና ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ክፍለ ጊዜው አለ፣ ቀለሙ የለም። "ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ክብ እሠራና 'ይሄ ብርቱካን ነው፣ ቀለሙን እናንተ አስቡት' እላቸዋለሁ" አለኝ። እየሳቀ ነው ያወራኝ። እሱ ራሱ ሠዓሊ መሆን ይፈልግ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱ ግን ከዚያም የራቀ ነበር። መጀመሪያ ቀለም የያዘው ደመወዝ ሲበላ ነው።

የዕቁባችን ጸሐፊ፣ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሐሳቤን ሲሰሙ መዝገቡን ዘጉት። "ደብተር ለሌለው ልጅ ቀለም? ምን ሊያደርግለት ልጄ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? ደብተር የሌለው ልጅ በእርግጥ አለ። መልሱ የመጣልኝ ማታ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ነው። ጋሼ ይህን ሲሉኝ የተቀመጡት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ነበር። ጅማ እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው፣ ሲሄድ የምታሸክመው እሱን አይደል? ጠርቦ ያወጣው ሰው ግን ምንም ሳይሠራ እንጨት ያበላሸበት ጊዜ ሳይኖረው አልቀረም። በነጋታው ልነግራቸው ስሄድ ተስማምተው ቆዩኝ። ሚስታቸው ናቸው ያሳመኗቸው። እንዴት እንዳሳመኗቸው አልተነገረኝም።

ዕጣዋ ወደ ዙሩ መጨረሻ ብትወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስከዚያ ተረጋግቼ ሌላ ገንዘብ እሰበስባለሁ። ዕጣ ግን ዕጣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወጣች።

ስለዚህ ተጣደፍኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ እርዳታ ብጠይቅ "ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪ" ተባልኩ። ዕቁብ ከየት ማኅተም ያመጣል? ተመልሼ እናቴን ለመንኳት። እሑድ ከሰዓት ግቢዋ ውስጥ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ፈንዲሻ አፍክተን ቡና ጠጡ አልን። አንድ ስኒ 50 ብር። አቦሉን ሁሉም ከፈለ። ቶናው ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ "ከአንዱ ጀበና የመጣ አይደል እንዴ? ሁለቴ ልክፈል?" የሚል በዛ። እናቴ ፈረደች፦ አቦል በገንዘብ፣ ቶናና በረካ በነፃ። እኔ በልቤ ከስሬያለሁ ብዬ ነበር። በረካውን እየጠበቀ የቆየ ሰው ግን ሲነሣ "ያዢ" እያለ ጨመረልኝ። ማታ በቴሌብር የገባውን ደምሬ ስቆጥር 4,150 ብር ሆነ። ወረቀቱን በነፃ አገኘሁት፤ የምሠራው ማተሚያ ቤት ስለሆነ ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ነጭ ካርቶን ሳምንቱን ሙሉ ሳጠራቅም ከረምኩ።

ሄርማታ ገበያ ልገዛ ስገባ የውሃ ቀለም ነበር ያማረኝ። ባለሱቁ ጠየቀኝ፦ "ውሃ ቅርብ አላቸው?" ከምንጭ በጄሪካን እንደሚያመጡ ነገርኩት። "እንግዲያው ተዪው። ልጆቹን ውሃ ልታስቀጃቸው ነው?" አለኝ። ባለ 12 ቀለም እርሳስ ገዛሁ። መቅረጫ ሁለት ጨመርኩ። ሁለት! ምን እያሰብኩ እንደነበር አላውቅም።

አርብ ዕለት ካርቶኑን በሞተር ሳይክል አስጭነን፣ እኛ ከኋላ በእግር ደረስን። ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው። "ሌሎቹስ?" አልኩት አብሮ አደጌን። "ለቀማ ላይ ናቸዋ" አለኝ፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን። ቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እንደሆነ ጅማ ተወልጄ ያደግኩት እኔ አጣሁት? ቀኑን ስቆርጥ ለእሱ አልደወልኩም። ሰርፕራይዝ ላደርገው ነበር።

ከዚያ እርሳሱ። ርካሽ ነውና ውስጡ የተሰባበረ ነው፤ ስትቀርጸው ጫፉ ይወድቃል፣ ደግመህ ስትቀርጸው ይወድቃል። ሁለቱ መቅረጫዎች ፊት ሰልፍ ሆነ። አብሮ አደጌ ከኪሱ ምላጭ አወጣ። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ እርሳስ ሲቀርጽ ዋለ። ራሱ አንዲት መስመር አልሣለም። በጣም አፈርኩ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ሰልፉ ውስጥ አልገባችም። ካርቶኗን ዴስኩ ላይ ትታ ወጣች። ስትመለስ መዳፏ ላይ እርጥብ ቀይ አፈር ይዛለች። የሣለችውን ቤት ግድግዳ በአውራ ጣቷ ትቀባ ጀመር፤ ከታች ወደ ላይ፣ እየጫነች፣ ከዚያ በመዳፏ ጀርባ እያለሰለሰች። እናቶች ቤት ሲመርጉ እንደሚያደርጉት። ጠጋ ብዬ ሳይ ከደጃፉ አጠገብ ትንሽ ቦታ ሳትቀባ ትታለች። ምን እንደሆነ አብሮ አደጌን አስጠየቅኩት። "ጭቃው አልበቃም፣ አባቷ ነገ ይጨርሰዋል" አለኝ ተርጉሞ። ሥዕሉን ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ አፈሩ ደርቆ ግማሹ ቦርሳዬ ውስጥ ረግፏል።

ትናንት ለዕቁቡ ሒሳቡን አቀረብኩ። 640 ብር ተርፏል። የመቅረጫውን ነገር ስናገር ሁሉም ሳቀብኝ። ጋሼ አልሳቁም። "ለቀማ ላይ ለነበሩትስ ምን ተረፈ?" አሉ። ሰማያዊና ቢጫ አልኩ።

ጥር ላይ እንመለሳለን ተባባልን። በዚያውም ሄርማታ ዞር ብዬ መቅረጫ 20 ያዝኩና ባለሱቁን ቀይ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቅኩት። አይሸጥም፤ በፓኮ ነው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ሰማያዊ ምን ላድርገው?" አልኩት።

"አስቀምጪው፣ ክረምት ይመጣል" አለኝ።