የኤ.ኢ.ዲ ልምምድ ማስታወሻ፦ ከጋቢ እስከ ፓድ

ኤ.ኢ.ዲ፣ ማለትም ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት (ሾክ) የሚሰጠው ተንቀሳቃሽ መሳሪያ፣ አንዴ ከተከፈተና ደረት ላይ የሚጣበቀው ፓድ ከተለጠፈ በኋላ ሥራውን ራሱ ይመራል። የልብ ምቱን ያነባል፣ ሾክ ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናል፣ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። በልምምድ ላይ ጊዜ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ልብ መቆሙን መለየት፣ ልብስ መግፈፍ፣ ፓድ መለጠፍ። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምትለማመዱ የፋብሪካ ደህንነት ሠራተኞች፣ የጂም አሰልጣኞች፣ የሆቴልና የሕንፃ ጥበቃዎች የሰዓታችሁን ትልቁን ድርሻ እዚያ ላይ አውሉት።

ልቡ የቆመ ሰው ሲፒአርም (ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት) ሾክም ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በወደቀ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ሾክ ካገኘ ግን ከግማሽ በላይ የሚተርፉበት ጊዜ አለ። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዴንማርክ ከፊንላንድ ሲጫወቱ የዴንማርኩ እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱ ተጫነ፣ አንድ ሾክ ተሰጠው፣ ከሜዳ ሳይወጣ ነቃ። ቀድሞ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ጊዜ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር።

መለየቱ ላይ የሚፈጠረው ስህተት የታወቀ ነው። ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሰውነት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በዙሪያው ያለው ሰው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው ውሃ ይረጫል። ከዚያ ደግሞ የጣር ትንፋሽ ይመጣል፤ በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ አፉን ከፍቶ አየር የሚስብ፣ የሚያንኮራፋ የሚመስል ነው። «ይተነፍሳል፣ ተዉት» የሚባለው ያኔ ነው። መመሪያው አጭር ነው፦ ትከሻውን ነቅንቆ መጥራት፣ ደረቱን ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ማየት። ካልመለሰና በመደበኛ ሁኔታ ካልተነፈሰ ልቡ እንደቆመ ቁጠሩት። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ አንዱ መሳሪያውን ለማምጣት ይሩጥ፣ አንዱ ወዲያው ደረት መጫን ይጀምር። ማን ምን እንደሚያደርግ በጣት እየጠቆማችሁ እዘዙ። «አንድ ሰው ይደውል» ከተባለ ማንም አይደውልም።

ልብሱ በደሴ ትልቁ ጉዳይ ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል ብርድ በሚወርድበት ጧት ሰው ጃኬት፣ ሹራብ፣ ሸሚዝና ካናቴራ ደራርቦ ከላይ ጋቢ ይጥላል። ይህን ሁሉ በራስ በኩል ለማውለቅ መሞከር ሁለት ሰው ያስቸግራል፣ ደረት መጫኑንም ያቋርጣል። ጋቢውን ግራና ቀኝ ገልጣችሁ ከሥሩ እንደተነጠፈ ተዉት፣ ጃኬቱን ዚፑን ክፈቱ፣ የቀረውን ከታች ጠርዝ እስከ አንገት መሃል ለመሃል በመቀስ ቁረጡ። ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ ወፍራም ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ ከመሳሪያው ቦርሳ አይጥፋ። የወረቀት መቀስ ሹራብ ላይ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ልምምዱን ልብስ በሌለው የማሰልጠኛ አሻንጉሊት ላይ አትሥሩ፤ የድሮ ሹራብና ካናቴራ አልብሱት። ተቆርጦ የተበላሸውን በመርፌ ክር ጠቅጥቆ ለሚቀጥለው ዙር መጠቀም ይቻላል።

ደረቱ ከተገለጠ በኋላ አንድ ትንሽ ነገር አለ። የጋቢና የሹራብ ብናኝ ላብ ያለው ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ከፓዱ ጄል ጋርም ይጣበቃል። በደረቅ ጨርቅ አንዴ ጥረጉት። የተረጨ ውሃ፣ ጠበል፣ ቅባት፣ ቫዝሊን ካለም እንዲሁ። ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ መስቀሉን ወደ ትከሻ ገፋ አድርጉት። ክታብም ከሆነ ከፓዱ ሥር እንዳይገባ ወደ ጎን ነው። መድኃኒት ያለበት ፕላስተር ግን ተነቅሎ ቦታው ይጠረግ። ሴት ከሆነች ጡት መያዣው ይቆረጥ ወይም ፓዱ የሚያርፍበት ቦታ እስኪገለጥ ይነሳ፤ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ነጠላ ወይም ሻሽ ይዘርጉ። ይህን መጋረጃ አስቀድሞ መለማመድ ተገቢ ነው፤ የሴት ደረት መግለጥ አሳፍሮ እርዳታ የሚዘገይበትን ጊዜ ያሳጥራል። ነፍሰ ጡር ብትሆንም መሳሪያው ጥቅም ላይ ይውላል።

ፓዶቹ ላይ ሥዕል አለ፤ አንዱ ከቀኝ አንገት አጥንት በታች፣ ሌላው በግራ ጎን ከብብት ዝቅ ብሎ። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የግራውን ወደ ፊት አምጥቶ ጡት ላይ መለጠፍ ነው። ፓዶቹ በተቀራረቡ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ኃይል ልብን ሳይሆን ደረቱን በላይ በላዩ ያልፋል። በጎን በኩል፣ ብብት መሃል ባለው መስመር ላይ መሆን አለበት። ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ እየዳመጣችሁ ለጥፉ፤ አየር ሥሩ ከቀረ ሾኩ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱን ቀያይራችሁ ብትለጥፉ አትንቀሏቸው፣ ይሠራሉ። ከተነቀሉ ግን ጄሉ ተበላሸ ማለት ነው። ከቆዳ ሥር እንደ ክብሪት ቀፎ ያበጠ ነገር ካያችሁ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሳሪያ) ነው፤ ፓዱን ከላዩ ሳይሆን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ከ8 ዓመት በታች ወይም ከ25 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የሕፃናት ፓድ ወይም የሕፃናት ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው፤ ከሌለ የአዋቂው አንዱ ደረት መሃል፣ ሌላው ጀርባ ላይ ይለጠፍ።

መሳሪያዎቹ የሚናገሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ሐረግ ብቻ በጆሮ መለየት ይበቃል። «አናላይዚንግ» (እየመረመርኩ ነው) ሲል ማንም አይንካው። «ሾክ አድቫይዝድ» (ሾክ ያስፈልጋል) ሲል ሁሉም ይራቅና የሚብለጨለጨው ቁልፍ ይጫን። «ኖ ሾክ አድቫይዝድ» ሲል ወዲያው ደረት መጫን ይቀጥል። እዚህ ሦስተኛው ላይ ሁለት አደጋ አለ። «ኖ» የምትለዋ ጫጫታ ውስጥ ትዋጣለች፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰው «ሾክ አያስፈልገውም» ሲባል «ድኗል» ብሎ እጁን ማንሳቱ ነው። መሳሪያው ሾክ የሚሰጠው ልብ በተዘበራረቀ ሁኔታ ሲርገበገብ ወይም እጅግ ፈጥኖ ሲመታ ነው። ሙሉ በሙሉ ጸጥ ላለ ልብ ሾክ አይሰጥም፤ ያን ልብ የሚያግዘው እጅ ብቻ ነው። ሦስቱን ሐረጎች ከነትርጉማቸው በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ የመሳሪያው ክዳን ውስጥ ለጥፉ።

ደረት ሲጫን ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ ትንፋሽ መስጠት ያልሠለጠነ ሰው ሳያቋርጥ ይጫን። አማርኛ ቆጠራ ላይ አንድ ችግር አለ፤ «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት» እያሉ ሲቆጥሩ ቃሉ ስለሚረዝም ፍጥነቱ ይወርዳል። ከአንድ እስከ አሥር ሦስት ጊዜ ቁጠሩ፣ ምቱ ተስተካክሎ ይቆያል። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ መሳሪያውን ይዞ ዳገት ሮጦ የመጣ ሰው ወዲያው ደረት መጫን አይችልም፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሌላው ይቀጥል፣ እሱ ፓዱን ይለጥፍ። በየ2 ደቂቃው መሳሪያው ሲያነብ ተቀያየሩ። ሾክ እንደተሰጠ ደግሞ የልብ ምት ፍለጋ አትቁሙ፤ እጅ ወዲያው ወደ ደረቱ ይመለስ።

«ማንም አይንካ» ሲባል የማይሰማ ሰው ይኖራል። እናት ወይም ሚስት እጁን ይዛ አትለቅም። ከቡድኑ አንዱ ሥራው ቤተሰቡን በእርጋታ ይዞ ማራቅ ብቻ ይሁን። ቁልፉን የሚጫነው ሰው ከራስ እስከ እግር በዓይኑ ቃኝቶ ከዚያ ይጫን።

የወደቀውን ሰው ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይሻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ደረት በትክክል መጫን አይቻልም፣ መሳሪያውም በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ የልብ ምትን ማንበብ ያዳግተዋል። በደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ባለበት ይረዳ፣ አምቡላንሱ ወደ እሱ ይምጣ።

መሳሪያው የሚቀመጥበትን ቦታ ስትመርጡ ሮጦ ለመድረስና ለመመለስ 3 ደቂቃ የማይፈጅ ይሁን። የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ቁልፍ ያዡ ምሳ በወጣበት ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል። ሌሊትም ሰው በሚገኝበት በጥበቃ ቤት በኩል ይሰቀል። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ሙቀት የፓዱን ጄል ያደርቃል። የፓዱን ፖስታ ለጎብኚ ለማሳየት መክፈትም እንዲሁ፤ ለልምምድ የማሰልጠኛ ፓድ አለ።

በየሳምንቱ የሁኔታ መብራቱ ይታይ፤ ቀይ ካሳየ ወይም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካሰማ ባትሪው ወይም ፓዱ ትኩረት ይፈልጋል። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ፓዱ ላይ «2027/03» የሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019 ያበቃል። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ካበቃ በኋላም ገና ስምንት ዓመት ገደማ አለው ብሎ ይተወዋል። በኢትዮጵያ ቀን ጽፋችሁ ከጎኑ ለጥፉ። ፓድ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ገደማ፣ ባትሪ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል።

ሰውየው መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት፤ ፓዱ አይነቀል፣ መሳሪያው አይጥፋ፣ ልቡ እንደገና ሊቆም ይችላልና። አምቡላንሱ ሲመጣ የወደቀበትን ሰዓትና የተሰጠውን የሾክ ብዛት ንገሯቸው። መሳሪያው ሲመለስ አዲስ ፓድ፣ መቀስ፣ የደረት ፀጉር መላጫ ምላጭ፣ ጓንትና ደረቅ ጨርቅ ተሟልቶለት በዚያው ቀን ወደ ቦታው ይሰቀል።