የአንደበት ልምምድ፦ አራተኛ ሳምንት ላይ የሠራውና ያልሠራው

አንደበትን ለመግታት የያዝነው ልምምድ መነሻው ያዕቆብ 1፥19 ነው፦ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን»። ብዙ ሰው ጥቅሱን በቃሉ ይዞ የሚለማመደው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ መዘግየቱን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውጤት ያጡት በዚህ ነው። ምላስ ተይዞ ጆሮ ካልተከፈተ፣ የሚገኘው አምስት ሴኮንድ የዘገየ ያው የድሮ መልስ ነው።

የሚያስፈልገው ኪስ የምትገባ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ማታ ከጸሎት በፊት የቀኑን ስሕተት ለመመዝገብ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ምልክቱ ሦስት ፊደል ነው፦ «ቸ» ቸኩሎ ለመለሱት፣ «ቁ» በቁጣ ለወጣው፣ «ሐ» ለሐሜት። የተባለውን ቃል ራሱን አትጻፉት። ሲጻፍ ጠቡ እንደገና ይሟሟቃል፤ ደብተሩም የክስ መዝገብ ይሆናል።

ቀን ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰውዬው እስኪጨርስ መጠበቅ፤ ከዚያ ትንፋሽ ማስወጣት፤ በልብ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» ማለት (መዝሙር 140፥3፤ በሌላው አቈጣጠር 141፥3)፤ ከዚያ መመለስ። ሁሉም ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ትንፋሽ ማስወጣት ያልነው በምክንያት ነው። ሌላው ገና እያወራ አየር ስባችሁ ከያዛችሁ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ መስማት ቆሟል ማለት ነው። ይህን ምልክት የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። መድኃኒቱ ከመመለስ በፊት የሰሙትን በራስ አነጋገር መድገም ነው፦ «ያልሽው እንዲህ ነው አይደል?»። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልሰውን ሞኝ የሚለው ለዚህ ነው።

መለማመጃው ታክሲ ይሁን። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መቶ ብር ሰጥታችሁ፣ ረዳቱ መልሱን ረስቶ ወይም የረሳ መስሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። አፍ ላይ የሚመጣው «ሌቦች!» ነው። አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ የመቶ ብር መልስ አለኝ»። ብሩን መጥራት፣ ሰውዬውን አለመፈረጅ። ታክሲ የተመረጠው በመካከላችሁ የቆየ ቂም ስለሌለ ነው። ቤት ውስጥ ግን መልሱ ከዓመታት በፊት ተሰፍቶ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ከቤት መጀመር አይመከርም።

ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይልቅ ያሳስታል፣ ጣት ሲነሣ ይሄዳልና። ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ላይ ሲገፉት ይቆለፋል፤ ከመላኩ በፊት ራስን ማዳመጥ ይቻላል። የራሱን ድምፅ ሰምቶ ያልሰረዘ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ሁለት ነገሮች ልምምዱን አበላሽተዋል።

አንደኛው ኩርፊያ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ኩርፊያ ግን ይነቅዛል። ዝም ያለው ሰው እያሰበ ይሁን እየቀጣ፣ ፊት ለፊቱ ያለው አያውቅም። ስለዚህ ዝምታው ሰዓት ይኑረው፦ «አሁን ተናድጃለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነጋገር»። «ከእራት በኋላ» ያሉት ነበሩ፤ ኤፌሶን 4፥26 ግን በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል፤ እዚህ ደግሞ ፀሐይ እራት አትጠብቅም።

ሁለተኛው አሽሙር ነው፤ እኛ በግላችን ከስድብ የባሰ እንለዋለን። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ስድብ። ያልተለማመደ ሰው በንዴት ይሳደባል፤ የተለማመደው በተሰጠው ትንፋሽ ስለቱን ይስላል። «አስቤ ነው የተናገርኩት» ማለት ስለዚህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ትንፋሹ ውስጥ ጥያቄ መግባት አለበት፤ ጥያቄውም ከኤፌሶን 4፥29 ይወሰዳል፦ ያንጻል? አሁን ያስፈልጋል? ለሚሰማው ጸጋ ይሆነዋል? አሽሙር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው።

«ሐ» የሚበዛው በቢሮ ቡና ሰዓት ይመስል ነበር፤ በጸሎት ጥያቄ ስም የሚመጣው ግን ይበልጣል። «እገሌን በጸሎት አስቡት፣ ትዳሩ…» ሲባል ጸሎቱ «ትዳሩ» የሚለው ጋ ሲደርስ አልቋል። ስሙ ብቻ ይበቃል፤ ጉዳዩን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሲራክ 19፥10 የሰማኸው ነገር ከአንተ ጋር ይሙት፣ አይዞህ አያፈነዳህም ይላል። (መጽሐፉም ቀልድ ያውቃል።)

ጠጠር ወይም ከረሜላ አፍ ውስጥ ለመያዝ የሞከሩ አሉ፤ የግብፅ በረሃ መነኩሴ አባ አጋቶን ሦስት ዓመት ድንጋይ በአፋቸው መያዛቸውን ሰምተው ነው። እሳቸው በረሃ ነበሩ። ከረሜላ ቶሎ ይሟሟል፣ ልማዱም አብሮት። በዐቢይ ጾም «ይጹም ልሳን» እየተባለ ከሚዜመው ጋር አያይዘው የጀመሩት ይሻላሉ፤ ቀኑ የተቈረጠ፣ የሚያስታውስ ዜማ ያለው ነውና።

ላመለጠ ቃል፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በዚያው ቀን ይቅርታ፣ ቃሉን በስሙ ጠርቶ፣ «ግን» ሳይጨምሩ። «ግን» ያለበት ይቅርታ በደብተሩ ሌላ «ቸ» ነው። ንስሐ አባት ያላችሁ የፊደሎቹን ድምር ይዛችሁ ሂዱ።

አምስተኛው ሳምንት ሰኞ ይጀመራል፤ ቦታው ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት «ቸ» ብቻ ቍጠሩ።